አልከፈት ያለ በር

አንድ ክረምት ሙሉ ወደ ገዛ መኪናዬ የገባሁት እንደ ሌባ ነው። በተሳፋሪው በኩል ከፍቼ ወንበሩ ላይ በጉልበቴ እወጣለሁ፤ የእጅ ፍሬኑን እሻገራለሁ፤ የማርሹን ዘንግ በጭኔ እንዳልገፋ እየተጠነቀቅሁ መሪው ሥር ተጠቅልዬ እወሸቃለሁ። ዝናብ ያገኘኝ ዕለት የጫማዬን ጭቃ በተሳፋሪው ወንበር ላይ አትሜ ነው የማልፈው። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅብኝ ነበር። በኋላ ለመደውና እንደ ጤነኛ ሰው ሰላም ይለኝ ጀመር። እኔም ለመድኩት።

እሁድ እሁድ አክስቴን ቤተ ክርስቲያን ሳደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እትዬ የሚቀመጡት ከኋላ በቀኝ በኩል ነው፤ ያ በር ደግሞ መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ ከውስጥ አይከፈትም። ስለዚህ በተሳፋሪው በኩል ተንፏቅቄ እወርድና ከውጭ እከፍትላቸዋለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው እየወረዱ ይመርቁኛል።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1988 የተሠራች ኮሮላ ናት። የሾፌሩ በር ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሲገኝ «ቁልፉ አልሠራ ብሎ ነው» እል ነበር። ይህ መልስ «አሞኛል» እንደማለት ነው፤ ሆድ ይሁን ራስ፣ ወባ ይሁን ጉንፋን አይናገርም። አልከፈት ያለ የመኪና በር ሲገጥመን አብዛኞቻችን የምናውቀው መድኃኒት ጉልበት ነው። ጉልበት ደግሞ የአሥር ደቂቃውን ሥራ የሙሉ ቀን ሥራ ያደርገዋል። እኔ ያደረግሁት እሱኑ ነው።

በአዲስ አበባ የማይከፈት በር የራሱ ሥርዓት አለው። «ያኛው አይሠራም፣ በዚህ ይግቡ» የሚል ሾፌር፣ በመስኮት እጁን አውጥቶ በውጭው እጀታ ከፍቶ የሚወርድ ባለመኪና፣ የሚኒባሱን ተንሸራታች በር በገመድ ወጥሮ ይዞ የሚሄድ ረዳት ያላየ የለም። በሰማያዊና ነጭ ላዳዎቹ ውስጥ መስኮት ማውረድ ያማረው ተሳፋሪ ሾፌሩን የማዞሪያ እጀታ ይጠይቅ ነበር። ሾፌሩ ከአጠገቡ አንስቶ ያቀብላል፤ ለአራቱም መስኮት ያለችው አንዲት እጀታ ናት፤ እንደ ጨው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። መኪና እዚህ አገር የሚጣል ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የሠላሳ ዓመት ኮሮላ ያለው ሰው የአርባ ዓመት ኮሮላ ባለቤት ለመሆን ቢዘጋጅ ይሻለዋል።

ይሁንና በር እንደ መስኮት እጀታ አይደለም። ጭስ በሞላው ወይም በተገለበጠ መኪና ውስጥ ያንን በጉልበቴ የምሻገረውን መንገድ መሻገር እንዳለብኝ ያሰብኩት ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያሳሰበኝም ሌላ ሰው ነው። መስከረም ሲጠባ መኪናዋን ወደ አንድ የሰፈር ጋራዥ ወሰድኳት።

ባለጋራዡ ሰባ ዓመት የዘለቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ካቻቢቴያቸውን ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ባዶ እጃቸውን መጡና «ግባ» አሉኝ። በለመድኩት መንገድ ተንፏቅቄ ገባሁ። አይተው ምንም አላሉም። በውጭ በኩል ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ቆሙ።

«የውስጡን እጀታ ሳብ። ቀስ ብለህ።»

ሳብኩ።

«ልቀቀው። ድገም። ምን ተሰማህ?»

«ምንም።»

«በጆሮህ አላልኩህም፣ በእጅህ። ይከብዳል ወይስ ባዶ ነው?»

ሦስት ወር ስጎትተው የከረምኩትን እጀታ ያን ጊዜ ገና ልብ ብዬ ሳብኩት። ባዶ አልነበረም። ሞላው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መልካም። አሁን መቆለፊያዋን ግፋ።»

ከእጀታው አጠገብ ያለችውን ትንሿን መቆለፊያ በአውራ ጣቴ ገፋሁ። ንቅንቅ አላለችም። «ድንጋይ ናት» አልኩ።

«እህ» አሉ ጋሼ፤ ከዚህ ሌላ ለጊዜው ምንም አልጨመሩም።

በዚያች «እህ» ውስጥ የነበረውን የተረዳሁት በሩ ተገልጦ ሳየው ነው። የመኪና በር ሁለት ላሜራ ነው፤ በመካከሉ ክፍት ቦታ አለ። በዚያ ክፍት ቦታ ጠርዝ ላይ፣ በሩ ከመኪናው ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ የቡጢ ያህል የሆነ የብረት ዕቃ በሦስት ብሎን ታስሯል። መንጋጋ ልበለው። በምሰሶው ላይ ደግሞ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ። በሩ ሲዘጋ ቀለበቱ ወደ መንጋጋው ይገባል፤ መንጋጋው ተሽከርክሮ ያቅፈዋል፤ ከኋላው ያለች በሞላ የምትገፋ ጥርስ ጠብ ትልና ወደ ኋላ እንዳይመለስ ታግደዋለች። ጥርሷ የምትይዝበት ቦታ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጠቅታ ግማሽ መዘጋት ነው፤ «በርህ በደንብ አልተዘጋም» የምንባለው እዚህ ላይ የቀረ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ጠቅታ ሙሉው ነው።

እጀታው፣ የውጩም የውስጡም፣ ሥራው አንድ ነው፤ ያቺን ጥርስ ማንሳት። ጥርሷ ከተነሳች መንጋጋው ቀለበቱን ይለቅቃል፣ በሩ ይከፈታል። በእጀታውና በጥርሷ መካከል እንደ እርሳስ የቀጠኑ የብረት ዘንጎች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ከውጭው እጀታ፣ አንዱ ከውስጡ፣ አንዱ ከመቆለፊያዋ፣ አንዱ ከቁልፉ ቤት ይመጣል። ሁሉም ጫፍ ጫፋቸው ላይ ጥፍር በምታህል የፕላስቲክ ክሊፕ ተይዘዋል።

የቤት በር ቁልፍ መወርወሪያውን ወደ ጉበኑ ይወረውራል፣ ወይም ይመልሳል። የመኪና በር ቁልፍ የሚወረውረው ነገር የለም። በሩን ዘግቶ የያዘው መንጋጋው ነው፤ ቢቆለፍም ባይቆለፍም እኩል ይይዘዋል። መቆለፍ ማለት እጀታውና ጥርሷ እንዳይነጋገሩ ማድረግ ብቻ ነው። እንደ መኪናው ሥሪት፣ እጀታው ባዶውን ይሳባል ወይም ታግዶ ይቆማል፤ ጥርሷ ግን ወሬውን አትሰማም።

የጋሼ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። እጀታው ምንም ሳይከብድ ልፍስፍስ ብሎ የሚሳብ ከሆነ ዘንጉ ከክሊፑ ወጥቷል። እጀታው ጤነኛ፣ መቆለፊያዋም እንደልቧ የምትሄድ ሆና በሩ ግን እምቢ ካለ፣ ችግሩ መንጋጋው ራሱ ላይ ነው፤ ግራሶው ደርቋል፣ ወይም በሩ ጎብጦ ቀለበቱን አጣብቆታል። ቁልፉ ገብቶ ባዶውን የሚዞር ከሆነ ከቁልፉ ቤት ጀርባ ያለው ግንኙነት ተበጥሷል፤ ገብቶ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ወይም የቁልፉ ቤት ታሟል። መቆለፊያዋ እንደ እኔዋ ድንጋይ ከሆነች፣ ከዘንጎቹ አንዱ የሆነ ቦታ ተሰንቅሯል። ይህን ሁሉ አንድም ብሎን ሳይፈታ በእጅና በጆሮ መለየት ይቻላል። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ እጀታውን የሳብኩት ሊከፈት እንጂ ሊነግረኝ አልነበረም።

መንጋጋው ግትር ሆኖ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመኪና አደጋዎችን እየመረመሩ ሲሄዱ፣ በሩ ተበርግዶ ወደ ውጭ የተወረወረ ሰው ውስጥ ከቀረው ይልቅ የመሞት ዕድሉ እጅግ እንደሚበልጥ አሳዩ። የዚያን ዘመን መንጋጋ በሩ ወደ ጎን እንዳይከፈት ይይዝ ነበር እንጂ፣ የመኪናው አካል በግጭት ተወጥሮ በሩና ምሰሶው ሲራራቁ ይላቀቅ ነበር። ፎርድ ለ1956 መኪኖቹ «ላይፍጋርድ» ብሎ ባቀረበው የደኅንነት እሽግ ውስጥ የተሻሻለ የበር መንጋጋ አንዱ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት አስገዳጅ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ መንጋጋ ወደ ውጭ በሚገፋ የ2,000 ፓውንድ፣ ማለትም የ900 ኪሎ ግራም ገደማ ጫና መላቀቅ የለበትም፤ በመጀመሪያው ጠቅታ ላይ የቀረውም የዚያን ግማሽ መቻል አለበት። እዚያ ገበያ መሸጥ የፈለገ ጃፓናዊም ሆነ አውሮፓዊ ይህን ማሟላት ግዴታው ሆነ።

እኔ በትከሻዬ ስገፋው የከረምኩት እንግዲህ ይህን ነው።

ጋሼ ቁልፉን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐይ አቅንተው በአንድ ዓይን አዩት። ጥርሶቹ እንደ ወንዝ ጠጠር ድቡልቡል ብለዋል።

«ይህ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ቁልፉ ነዋ። ከየትኛው ቁልፍ ነው የተቀረጸው?»

መኪናዋን ከሸጠልኝ ሰውዬ የተረከብኩት ከሌላ ቁልፍ የተቀረጸ ነበር። እሱ ሲያልቅ መርካቶ ወስጄ ሌላ አስቀረጽኩበት። ያኛው ሲጠፋ ደግሞ ከዚህኛው።

በቁልፉ ቤት ውስጥ ያለው ሲሊንደር ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረውበታል። እያንዳንዷ ቅጠል መካከሏ ክፍት ነው፤ በትንሽ ሞላ ተገፍታ ከሲሊንደሩ ወጣ ብላ ቆማ እንዳይዞር ታግደዋለች። ቁልፉ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዷን ቅጠል በልኳ ይጎትቷታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆኑ ይዞራል። አንዷ እንኳ የፀጉር ያህል ብትቀር ይይዛል። ቁልፉ ሲያረጅ ጥርሱ ይበላል፤ ካረጀ ቁልፍ የተቀረጸ አዲስ ቁልፍ ደግሞ እርጅናውን ወርሶ ይወለዳል፤ የቀራጩ ማሽን የራሱን ስሕተት ይጨምርበታል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ የደረሰ ቁልፍ መኪናውን የሚከፍተው በትውውቅ ነው።

ለዚህ መድኃኒት አለው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። በአሮጌ ቶዮታዎች የተሳፋሪው በር የቁልፍ ቤት ላይ የቁልፉ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ሲሊንደሩን አውጥቶ ቁጥሩን ለሚያውቅ ቀራጭ የሰጠ ሰው፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቁልፍ በልኩ ሊያገኝ ይችላል። ቁጥሩ ባይነበብ እንኳ፣ ያ ሲሊንደር የሾፌሩን ያህል ስለማይነካ ቅጠሎቹ ብዙውን ጊዜ አዲስ ናቸው፤ ጎበዝ ቀራጭ ልኩን ከእነሱ ይወስዳል።

የእኔ ጥፋት ቁልፉ ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ ላቫጆ እወስዳታለሁ፤ ልጁ በግፊት የሚወጣውን ውኃ በቁልፉ ቀዳዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ይለቀዋል፤ የበጋው አቧራ ከውኃው ጋር ገብቶ ይለነቀጣል። ቁልፉ ሲከብደኝ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ለሁለት ሳምንት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን እንደ ማር ይይዘውና ከበፊቱ ይብሳል። በቆርቆሮ የሚረጨው ደብሊው ዲ 40ም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ሳንዲያጎ ውስጥ በ1953 ሮኬት ኬሚካል የተባለ ትንሽ ኩባንያ የሠራው ፈሳሽ ነው፤ የአትላስ ሚሳኤልን አካል ከዝገት እንዲጠብቅ ነበር የታሰበው፤ ስሙም ውኃን የሚያባርር፣ በአርባኛው ሙከራ የተሳካ ማለት ነው። ቆሻሻውን ለማጠብና የተያዘውን ለማላቀቅ የሚያህለው የለም። ግን አብዛኛው ይተንና የሚቀረው ስስ ዘይት ነው። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ለቁልፍ ቤት የሚስማማው ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ የግራፋይት ዱቄት። እሱ ከጠፋ ለስላሳ እርሳስ የቁልፉ ጥርሶች ላይ ደጋግሞ ማሸትና እያስገቡ ማውጣት ነው፤ የእርሳስ ልብ ከግራፋይት ነውና።

«ሲከብድህ ምን አደረግህ?» አሉኝ ጋሼ።

መደበቅ አልቻልኩም። በቁልፉ ራስ ላይ ባለችው ቀዳዳ ምስማር አስገብቼ እንደ መፍቻ አዞርኩት።

«ዞረ?»

«ዞረ። ከዚያ ወዲህ ነው ያልተከፈተው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራው ገቡ።

ዝግ በር የሚፈታው ከውስጥ ነው። የሾፌሩን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፉት፤ መስታወቱን አስወጡት፣ ከፍ ካለ ክንድ መግቢያ ቦታ ይገኛል። የእጅ መደገፊያው ብሎኖች ተፈቱ፤ የውስጡ እጀታ ዙሪያም እንዲሁ። የመስኮቱ ማዞሪያ ግን ብሎን የለውም። ከኋላው የፈረስ ኮቴ የምትመስል ቀጭን ሞላ ናት የያዘችው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በካቻቢቴ ሲፈለቅቅ ይሰብረዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው የላዳ እጀታም ታሪኳ የጀመረው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ ከኪሳቸው አሮጌ ጨርቅ አወጡ። በእጀታውና በሽፋኑ መካከል አስገብተው ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ ግራና ቀኝ ጎተቱት። በሦስተኛው ጉተታ ጨርቁ የሞላዋን ጫፍ ያዘ። ጢጥ ብላ ወጥታ ከታች የዘረጋሁት መዳፍ ላይ ወደቀች።

ሽፋኑ ሲነሳ ከሥሩ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ብዙ ጋራዥ ቀድዶ ይጥለዋል። ጋሼ ሙጫውን በቢላ እየለዩ ሳይቀድዱ አጠፉት። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ አይቀርም፤ ከታች ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ላስቲኩ ከሌለ ያ ውኃ ወደ ምንጣፉ ይመጣል፤ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ ደግሞ በሩ ከሥር ይዝጋል። ጋሼ በነካ እጃቸው ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጎረጎሩ። ቡናማ ውኃ ኩልል ብሎ ወረደ።

ከዚያ የእጅ ባትሪ አብርተው «እይ» አሉኝ። አየሁ። ከቁልፉ ቤት የሚወርደው ዘንግ ላይኛው ጫፉ ከቦታው የለም። የፕላስቲክ ክሊፑ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የምስማሩ ሥራ ነው። የተለቀቀው ዘንግ ተንሸራትቶ በመስታወቱ ሐዲድና በመንጋጋው መቆለፊያ መካከል እንደ ሽብልቅ ተሰክቷል። ሕመሙ የጀመረው ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ በሽተኛው ግን የሞተው እዚህ ታች ነው። እኔ መቆለፊያዋን በገፋሁ ቁጥር ዘንጉን ይበልጥ እሰነቅረው ነበር።

እጄን እንዳስገባ ፈቀዱልኝ፤ የእሳቸው ክንድ በቀዳዳው አያልፍም። «እጅጌህን አውርድ» ቢሉኝም አልሰማሁም። የውስጥ ላሜራ ጠርዝ ምላጭ ነው፤ ምልክቱ ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። ዘንጉን ወደ ላይ ሳብ፣ ወደ ራሴ ገልበጥ ሳደርገው ወጣ። መቆለፊያዋ በራሷ ጠቅ አለች። እጀታውን ሳብኩ። ጥርሷ ስትነሳ ተሰማኝ፤ በሩ ግን አልተነቃነቀም። ሦስት ወር ያልተላወሰ መንጋጋ ነበር። ጋሼ በላሜራው ቀዳዳ በኩል ጥቂት ነጭ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ መንጋጋው አፈሰሱ፤ ትንሽ ቆይተው ከውጭ በመዳፋቸው በሩን ወደ ውስጥ መታ አደረጉት፤ እኔ እጀታውን ይዣለሁ። ወደ ውስጥ መግፋቱ ቀለበቱ ጥርሷ ላይ ያሳረፈውን ጫና ያቀልላታል፤ ወደ ውጭ እየገፋ እጀታ የሚስብ ሰው ግን የሚታገለው ከራሱ ጋር ነው። በአራተኛው ምት በሩ ተከፈተ። አንድ እግሬን አውጥቼ መሬት ረገጥኩ።

የቀረው ጽዳት ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። አንድ ነገር ግን ልንገር። መንጋጋውን የያዙት ሦስት ብሎኖች ራሳቸው የመስቀል ቅርጽ ነው፤ ሆኖም የጃፓን መስቀል ከአሜሪካው ፊሊፕስ ትንሽ ይለያል፤ በተራው ካቻቢቴ ሲጠነክሩበት ያንሸራትትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ጋሼ ልኩ የሆነውን መርጠው አስገቡ፤ ሳያዞሩ ጀርባውን በመዶሻ ሁለቴ መቱት፤ ከዚያ በሙሉ ክብደታቸው ተደግፈው አዞሩ። የወጣው መንጋጋ ውስጥ ግራሶው ደርቆ የጧፍ ሰም መስሏል። በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጠበ፤ እዚያ አካባቢ ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይቀርብ ነው። ሲደርቅ አዲስ ግራሶ ተቀባ። ለተሰነጠቀው ክሊፕ ሰው ሶማሌ ተራ ልኬ ላስመጣ ስል ጋሼ ከጥግ ካስቀመጡት የተፈታ በር ላይ ነቅለው አመጡ።

ሁሉም ተገጥሞ በሩን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ጮኹብኝ።

«እንዳትዘጋው!»

በዚህ ጽሑፍ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ። ጋሼ የካቻቢቴውን ብረት በመንጋጋው አፍ ውስጥ፣ ቀለበቱ በሚገባበት አቅጣጫ ገፉት። ጠቅ። ገፉት። ጠቅ። በሩ ክፍት ነው፤ መንጋጋው ግን የተዘጋ መስሎታል። አሁን የውጩን እጀታ አስነሱኝ፤ መንጋጋው ካቻቢቴውን ለቀቀ። እንደገና ጠቅ ጠቅ አድርገው የውስጡን አስሳቡኝ፤ ለቀቀ። በቁልፉ ቆልፈው፣ ከፍተው፣ በመቆለፊያዋም ሞክረው፣ ሁሉም እሺ ካለ በኋላ ነው በሩ የተዘጋው። ይህን ሳያደርግ የዘጋ ሰው የረሳት አንዲት ክሊፕ ብትኖር ወደ ጨርቁና ወደ ሊስትሮው ይመለሳል። በተቃራኒውም ይሠራል፤ በሩ አልዘጋ ብሎ ከነጠረ፣ አንድ ሰው ክፍት ሳለ መንጋጋውን ነካክቶ ዘግቶታል ማለት ነው። ደጋግሞ ማላጋት ቀለበቱን ያጎብጣል። እጀታውን ስቦ በጣት መመለስ ይበቃል።

ከቀለበቱም ጋር አጭር ሥራ ነበረን። የአሮጌ መኪና በር በማጠፊያው ላይ ይወርዳል፤ ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ሲያነሱት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ማጠፊያው ተበልቷል። የእኔዋ ትንሽ ብቻ ወርዳለች። ጋሼ የቀለበቱን ዙሪያ በእርሳስ ከበቡ፤ ብሎኖቹን ላላ አድርገው የጥፍር ውፍረት ያህል ዝቅ አደረጉትና አጠበቁ። ቢሳሳቱ የሚመለሱበት ምልክት አላቸው።

እጄን ልታጠብ ስል «ሌላ የሚያስቸግርህ የለም?» አሉኝ።

የቀኙን የኋላ በር ነገርኳቸው። ከውስጥ እንደማይከፈት፣ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ ይህም ተፈትቶ እንዲታይልኝ። ከውጭ ከፈቱት። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከመንጋጋው ትንሽ ዝቅ ብላ ያለች የስንዴ ዘለላ የምታህል ዘንግ በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገፉ። ጠቅ አለች። በሩን ዘግተው በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የውስጡን እጀታ ሳቡ። ተከፈተ።

የሕፃናት መቆለፊያ ናት፤ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው መንገድ ላይ እንዳይከፍቱ የውስጡን እጀታ ብቻ ታሰናክላለች። የምትታየው በሩ ሲከፈት ነው። የቀድሞው ባለቤት ልጆች ኖረውት ይሆናል፤ ወይም የሆነ የላቫጆ ልጅ በጨርቁ ሲወለውል ገፍቷት ይሆናል። ለዚህች ጋሼ ሒሳብ አልጠየቁኝም።

በሳምንቱ እሁድ እትዬን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆምኩላቸውና ጠበቅሁ። አልወረዱም። በመስታወቱ ሳያቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ተሠርቷል እኮ» አልኳቸው። «አሁን ከውስጥ ይከፈታል። ያቺን ሳብ ያድርጓት።»

«ምኑ ነው የተሠራው?»

«በሩ ነዋ። ተበላሽቶ ነበር።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ተበላሽቶ ነው የምትከፍትልኝ የነበረው?»

በራሴ በር ወረድኩ፤ በመኪናዋ ፊት ለፊት ዞሬ ሄድኩና ከፈትኩላቸው።